መኪናው መጣ፤ መካኒኩስ?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አዲስ አበባ፣ ላንቻ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ፣ በጭነት መኪና ጀርባ ተጭና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ግቢው መሐል ወረደች። ባለቤቷ በሜትር ታክሲ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ሲሆን፣ ያ ጋራዥ በሦስት ቀን ውስጥ የረገጠው ሦስተኛው ጋራዥ ነበር። የመጀመሪያው «ትልቁ ባትሪ ሞቷል፤ እሱን ከምትገዛ መኪናዋን ብትሸጥ ይሻልሃል» ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ከሥር ገብቶ ወፋፍራሞቹን ብርቱካናማ ገመዶች ሲያይ «እኔ የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ወጣ።

የሦስተኛው ጋራዥ መካኒክ ዕድሜውን በሙያው የፈጀ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መኪናዋን ዞራት። ኮፋኖዋን ከፈተ። ከዚያ በልማድ ረጅሟን ካቻቢቴ አነሣና መልሶ አስቀመጣት። ያቺ ካቻቢቴ ለእሱ የሐኪም ማዳመጫ ናት። ጫፏን ሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ ደግኖ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሚያንኳኳ አንድ ቡሎን ሳይፈታ ይናገራል። «ይቺ የምትደመጥበት ቦታ የላትም» አለ በሐዘን።

መኪናዋን ያስነሣት የግቢው ጥግ ላይ የሚሠራ ኤሌትራውቶ ነው፤ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ። የቮልት መለኪያውን ይዞ መጣ፤ ትልቁን ባትሪ አልነካውም። ኮፋኖው ሥር ያለችውን ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ለካ። ወርዳለች። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፒዩተሮች የሚነቁት በዚህች ባትሪ ነው፤ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ የሚያገናኘው ማብሪያ የሚሠራውም በእሷ ኃይል ነው። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶም ቢሆን መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ልጁ ከሌላ መኪና ኬብል ስቦ አገናኘ፤ ስክሪኑ ቦግ አለ። ባለቤቱ ሦስት ቀን ሥራ የፈታው፣ ሦስት ጊዜ የጭነት ኪራይ የከፈለው፣ መኪናውን ሊሸጥ ደላላ እስከ መጥራት የደረሰው በዚህች ምክንያት ነበር።

ስለ መካኒክ እጥረት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የቁጥር ጉዳይ ነው፤ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ይጎድላል እየተባለ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ሰው አልጎደለም ነበር። ሽማግሌው የሞተርን ሕመም በጆሮው ያውቃል፤ ወጣቱ የኤሌክትሪክን መንገድ በመለኪያው ያውቃል። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ሲሠሩ አንዱ የሌላውን አልተማረም። ያስተማራቸውም የለም። የእጥረቱ ሥር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዕውቀቱ አለ፣ ግን ተበታትኗል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ አልተሠራለትም። አዲሱ መኪና ደግሞ ግማሽ ዕውቀት ይዞ የሚቀርበውን ሰው አይምርም።

ከነሐኪሟ የመጣችው መኪና

አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ አደረሳት። ቤንትሊ ብቻውን አልመጣም፤ መኪናዋን የሚንከባከብ የሞተር ባለሙያ አብሮት ነበር። መንገድ በሌለበት አገር ያለ መካኒክ መምጣት ዕብደት እንደሆነ ሰውዬው ገብቶታል። የመጀመሪያዋ መኪናችን ሐኪሟን ይዛ ነው የገባችው።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሌላ ትልቅ ነገር አደረጉ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። መኪናዋም ዐዋጁም በአንድ ዓመት መምጣታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ንጉሡ አገር የምትቆመው በእጅ ሥራ መሆኑን፣ የእጅ ሥራ የሚናቅበት አገር ደግሞ የሰው እጅ ሲጠብቅ እንደሚኖር ተረድተው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ መካኒኩን በይፋ የሚሰድበው ባይኖርም፣ ልጁ ጋራዥ እንዲገባ የሚመርቅ ወላጅ ግን ስንት ነው? «ካልተማርክ ጋራዥ ነው የምትገባው» እየተባለ ያደገ ልጅ ጋራዥን የሽንፈት ቤት አድርጎ ቢያየው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ሙያው እንዴት እንደተወረሰ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ጋራዥ ግቡና ጆሮ ጣል አድርጉ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ስኮርታ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ፣ ኤሌትራውቶ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አባቶቻችን እነዚህን ቃላት ከመጽሐፍ አላነበቧቸውም፤ ከጣሊያኖቹ ጎን ቆመው፣ «ያን አቀብለኝ» ሲባሉ በጆሯቸው ያዟቸው። ትምህርት ቤት ሳይገቡ አንድ ሙሉ ሙያ ከነመዝገበ ቃላቱ ወረሱ። ለትውልድ ያስረከቡንም በዚሁ መንገድ ነው።

ሙያ በልብ ነው

የጋራዥ ትምህርት የራሱ ደረጃ አለው። ልጁ ሲገባ መጀመሪያ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ያጥባል። ቀጥሎ ቁልፍ አቀባይ ይሆናል፤ «አሥራ አራት!» ሲባል ሳያይ አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍን ከሣጥኑ መምዘዝ አለበት። ከዚያ ጎማ መፍታት፣ የፍሬን ሸራ መቀየር፣ ፍሪሲዮን ማውረድ ይፈቀድለታል። ዓመታት አልፈው ሞተር ሲወርድ ከዋናው ጎን ይቆማል። አንድ ቀን ዋናው ለቅሶ ሲሄድ ወይም ሲታመም «አንተ ግጠማት» ይባላል። ያቺ ዕለት ምርቃቱ ናት። ወረቀት የለም፤ ጋውን የለም፤ የደምበኛው መኪና ተነሥታ ከወጣች ግን ከዚያ በኋላ መካኒክ ነው።

ይህን ሥርዓት የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ አልወድም። አገሪቱን ያጓጓዘው ይህ ሥርዓት ነው። «ኤን ትሬ» እያልን የምንጠራውን የፊያት ጭነት መኪና፣ ቮልሱን፣ ፔጆውን፣ ሰማያዊዋን ላዳ ታክሲ፣ ቶዮታውን ከፋብሪካው ዕድሜ በላይ ያቆዩት በዚህ መንገድ የሠለጠኑ እጆች ናቸው። መለዋወጫ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ወስደው ያስቀርጻሉ፤ የአንዱን መኪና ዕቃ ለሌላው ያስማማሉ። ሌላው ዓለም የሚጥለውን አካል እኛ ጋ መልሶ ነፍስ የሚዘራበት እጅ አለ።

ነገር ግን ሥርዓቱ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂላችን ትሕትናን ያስተምራል፤ አዋቂ ሰው አይለፍልፍ፣ ሥራው ይናገር ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ይህ ብሂል ሌላ መልክ ያዘ። ሙያው እውነትም በልብ ብቻ ቀረ። አልተጻፈም፤ አልተሳለም፤ የትኛው ብልሽት በምን እንደተፈታ የሚመዘግብ ደብተር የያዘ ጋራዥ ስንት ነው? ዋናው ለረዳቱ «እንዲህ አድርግ» ይለዋል እንጂ ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ አይነግረውም፤ አንዳንዱ ሥራዬን ይቀማኛል ብሎ ይሠውራል፣ አብዛኛው ግን እሱም ስላልተነገረው ነው። መኪናው ሳይለወጥ በቆየበት ዘመን ይህ ብዙ አልጎዳንም። አባት የሠራበት ሞተር ልጁ የሚሠራበት ሞተር ነበርና።

መኪናው ሲለወጥ

ለውጡ በኤሌክትሪክ መኪና አልጀመረም። ካርቡራተር ቀርቶ ነዳጅ በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጭበት ሞተር ከገባ ቆይቷል። ሽማግሌው መካኒክ መጀመሪያ የተገፋው ያኔ ነው። ካርቡራተርን ሲያዳምጥና በካቻቢቴ ሲያስተካክል የኖረ ሰው፣ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራ ቢጫ መብራት ፊት ዝም አለ። መፍትሔው «ኮምፒዩተር ይደረግ» ሆነ። አንድ ወጣት መመርመሪያ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ ኮዱን ያነባል፤ ይሄዳል። ኮዱ ግን ሕመሙን አይናገርም፤ ምልክቱን ብቻ ነው የሚናገረው። የኦክስጅን ሴንሰር ስሕተት አለ ማለት ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀ ማርሚታ፣ የላላ ገመድ፣ የቆሸሸ ነዳጅ ያው ኮድ ሊያስወጡ ይችላሉ። ይህን የሚለየው ሞተሩንም ኤሌክትሪኩንም አጣምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ ስለሌለ ሴንሰሩ ይቀየራል፤ መብራቷ በሳምንቱ ተመልሳ ትበራለች።

ከዚያ ሕጉም ተከተለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ አገር ውስጥ ለመገጣጠም ተበታትነው የሚገቡትን ደግሞ ከጉምሩክ ቀረጥም ጭምር። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዓለም እንዲህ ያለ እርምጃ ቀድሞ የወሰደ አገር አልነበረም። መንግሥት አገሪቱ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ በላይ እንደሆኑ ገልጿል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ደግሞ 500 ሺህ ለማድረስ አቅዷል።

ውሳኔውን አልነቅፍም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች፣ ኃይልን ከወንዞቿ የምታመነጭ አገር ወደ ኤሌክትሪክ መዞሯ ተገቢ ነው። በጳጉሜ 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ መኪኖቹ የሚጠጡት የራሳችንን ውሃ ነው ቢባል ስሕተት የለውም። ሕጉ መኪናውን አሰበ፣ ቀረጡን አሰበ፣ ኃይሉን አሰበ። የሚጠግነው ሰው ግን በዚያው ፍጥነት አልታሰበም። ቤንትሊ ለአንዲት መኪና ያደረገውን ጥንቃቄ እኛ ለመቶ ሺዎቹ አላደረግንም።

ሸክሙ ደግሞ እጥፍ ነው። አገሪቱ ውስጥ ካለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ አብዛኛው ዛሬም ቤንዚንና ናፍጣ ነው። በጅቡቲ መስመር ሸቀጥ የሚያመላልሰው ከባድ መኪና፣ የገጠሩ አይሱዙ፣ ሚኒባሱ ሁሉ የድሮውን ዕውቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የቆየውን ጥለን አዲሱን ልንማር አንችልም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ ግድ ይለናል።

ብርቱካናማው ገመድ

ሁለተኛው መካኒክ «የልጆች አባት ነኝ» ብሎ መውጣቱን እንደ ድክመት አልቆጥርበትም። ልክ ነበረ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ትልቁ ባትሪያቸው ከ300 እስከ 400 ቮልት ይይዛል፤ የቤታችን መብራት 220 ነው።  ብርቱካናማው ቀለም በዓለም ዙሪያ አንድ መልእክት አለው፦ ሳታውቅ አትንካ።

የሚያውቅ ሰው እንዴት ነው የሚሠራው? መኪናዋን ያጠፋና ቁልፉን ሌላ ሰው በስሕተት እንዳያስነሣት ያርቃል። የ12 ቮልቱን ባትሪ ይፈታል። የትልቁን ባትሪ መነጠያ እስከ 1,000 ቮልት በሚቋቋም ጓንት ይነቅላል። ከዚያ ይጠብቃል፤ በመኪናዋ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪፈስ ብዙ አምራቾች ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያዝዛሉ። ከዚያም አላምንም ብሎ በመለኪያ ያረጋግጣል፤ መለኪያው ዜሮ ሲል ብቻ እጁን ይሰዳል። ብቻውንም አይሠራም። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሥልጠና ሊለመድ የሚችል ሥርዓት ነው። ሥልጠናውን ያላገኘ ጎበዝ መካኒክ ግን ያው በለመደው ድፍረት፣ በባዶ እጁ፣ በብረት ቁልፉ ይገባል። የጋራዥ ድፍረት ዘመናችንን ሁሉ ጠቅሞናል፤ እዚህ ላይ ግን ሰው ይገድላል።

ሌላም ችግር አለ። ከመኪኖቹ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው፤ የጥገና መመሪያቸውም እንዲሁ። ሽማግሌው መካኒክ ጣሊያንኛውን በጆሮው ያዘው፤ ከጎኑ የሚናገር ጣሊያን ነበረና። ዛሬ ግን ከወጣቱ ጎን ቆሞ «ይህ እንዲህ ይባላል» የሚል የፋብሪካ ባለሙያ የለም። መኪናው ብቻውን መጥቷል።

ኮሌጁና ጋራዡ

የሙያ ትምህርት ቤት አጥተን አይደለም። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም.። ዛሬ በየክልሉ አውቶ የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ተቋቁሟል። የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ወጣቶቹ «ሲኦሲ» ይሉታል። በወረቀት ላይ ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በተግባር፣ 30 በመቶውን በንድፈ ሐሳብ እንዲያሳልፍ፣ ተግባሩንም ከድርጅቶች ጋር በትብብር እንዲያገኝ ተደንግጓል። ሐሳቡ መልካም ነው።

መሬት ላይ ግን ጋራዡና ኮሌጁ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ያለው ማስተማሪያ ሞተር ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ከመገጠሙ ብዛት ክሩ ያለቀ፣ መንገድ ላይ የማይገኝ የድሮ ሞተር ነው። ለልምምድ ጋራዥ የተላከ ሠልጣኝ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል፤ የጋራዡ ባለቤት የሰው መኪና ለማያውቀው ልጅ አይሰጥም፣ ቢሰጥና ቢበላሽ ከፋዩ እሱ ነው። ልጁን ለማስተማር ለሚያጠፋው ጊዜ ማንም ምንም አይከፍለውም። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ይመረቃል፤ ጋራዡ ወረቀቱን አያምንም። በሌላ በኩል 20 ዓመት የሠራው መካኒክ የምዘናውን የጽሑፍ ፈተና በእንግሊዝኛ ቃላት ታጥሮ ያገኘዋል፤ ካምቢዮን ያውቃል፣ ትራንስሚሽን ሲባል ግን የተለየ ነገር ይመስለዋል። አንዱ ወረቀት አለው እጅ የለውም፤ ሌላው እጅ አለው ወረቀት የለውም። ሁለቱም በየፊናቸው ተጎድተዋል።

ሴቶችን ደግሞ ከመጀመሪያው ከበሩ መልሰናቸዋል። አውቶ ያጠናች ሴት ጋራዥ ስትሄድ ቢሮ ትቀመጣለች። መመርመሪያና መለኪያ፣ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ዋናው ነገር በሆነበት በአዲሱ ሥራ ይህ ሰበብ የሌለው ኪሣራ ነው።

ለማየት ምን ይከፈላል?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይኸኛው ነው። ያን ቀን መኪናዋ ስትነሣ ባለቤቱ ደስታው ልክ አልነበረውም። ኤሌትራውቶውን «ስንት ነው?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ምን ይበል? ዕቃ አልቀየረም፤ የፈታው ነገር የለም። «ለሻይ» ተብሎ ጥቂት ብር ተሰጠው። መኪናህን ሽጥ ያለው የመጀመሪያው ጋራዥ ግን ወለሏን ስለፈታና ስለገጠመ ሙሉ የእጅ ዋጋ ተቀብሏል።

የጋራዥ ገበያችን እንዲህ ነው የተሠራው። ለተፈታ ቡሎን እንከፍላለን፤ ለተገዛ ዕቃ እንከፍላለን፤ ለዕውቀት አንከፍልም። «ለማየት ብቻ ገንዘብ?» እንላለን። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፤ ለምርመራው እንከፍላለን፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው። መካኒኩን ግን መኪናችንን እስኪያክም ድረስ ዋጋ የለህም እንለዋለን። ስለዚህ መካኒኩ ለመኖር የግድ መፍታት፣ የግድ ዕቃ ማስቀየር አለበት። ሳይመረመር የተቀየረው ዕቃ ደግሞ በዶላር የገባ ነው። በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ የሚሸጠው እያንዳንዱ ያለቦታው የተገዛ ሴንሰር ከባለ መኪናውም ኪስ፣ ከአገርም ካዝና የወጣ ነው። አስቦ የሚሠራው ወጣት ደግሞ ማሰቡ እንደማያበላው ሲያይ ሙያውን ትቶ መሪ ይጨብጣል፤ ወይም ወደ ዐረብ አገር መሄጃ ይፈልጋል። እጥረቱን ራሳችን በየቀኑ እያመረትነው ነው።

ከሌላው ምን እንማር?

የባለሙያ እጥረት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ትንበያ መሠረት በየዓመቱ በአማካይ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ የመኪና ቴክኒሻን የሥራ ቦታ ይከፈታል፤ አብዛኛው ሙያውን በሚለቁና ጡረታ በሚወጡ ሰዎች ምትክ ነው። እዚያ ግን የምርመራ ዋጋ ራሱን የቻለ ክፍያ ነው፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የቴክኒሻኖች የብቃት ማረጋገጫም የሥራ ልምድን ከፈተና ጋር አጣምሮ ይጠይቃል፤ በየ5 ዓመቱም ይታደሳል። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በዚህ ሥርዓት ውስጥ አልፈው የሚሠሩ ወገኖቻችን አሉ። ለእረፍት ሲመጡ ለሁለት ሳምንት የሚያስተምሩበት በር ቢከፈትላቸው ብዙዎቹ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ ግን ጀርመን ነው፤ የሙያ ሥልጠና ሥርዓታችንን ስናደራጅ አብራን የቆየች አገር ናትና። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2003 የመኪና መካኒክንና የመኪና ኤሌክትሪሻንን ሙያ አዋሕዳ አንድ ሙያ አደረገቻቸው። ሠልጣኙ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከጋራዥ ደመወዝ እየተቀበለ ይሠራል፤ ጎን ለጎን ትምህርት ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚመለከት ዘርፍ ጨመረችበት። የኤሌክትሪክ መኪና ገና በብዛት መንገድ ሳይወጣ ነው ይህ የተደረገው። እኛ ግን ዛሬም መካኒኩን በአንድ ጥግ፣ ኤሌትራውቶውን በሌላ ጥግ አስቀምጠን መኪናዋን በመሐላቸው እናመላልሳታለን።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጋራዥ ትምህርት ቤት መሆኑ በሕግ ይታወቅለት። የተመሰከረለት መካኒክ ሠልጣኝ ተቀብሎ ሲያስተምር አሠልጣኝ ይባል፤ ድጎማ ወይም የግብር ቅናሽ ያግኝ፤ በሥልጠና ላይ ለሚደርስ ጉዳትም መድን ይኑረው። በሩን የሚከፍተው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ በልምድ የተማሩት አንጋፋዎች ምዘናው በሚያውቁት ቋንቋና በተግባር ይቅረብላቸው። ካምቢዮ የሚለውን ቃል ለመቀበል የሚያፍር ፈተና ዕውቀትን አይለካም።

ሦስተኛ፣ መካኒክነትና ኤሌትራውቶነት በሥልጠናው ሥርዓት ይዋሐዱ፤ ሥራ ላይ ላሉት ደግሞ የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥንቃቄ አጭር ኮርስ በየክፍለ ከተማው ይሰጥ። ይህን ኮርስ ያልወሰደ ሰው ብርቱካናማውን ገመድ መንካቱ በግልጽ ይከልከል።

አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣና የሚገጣጥም ሁሉ ከመኪናው ጋር የጥገና መመሪያ፣ የመመርመሪያ መሣሪያና የሥልጠና ግዴታ ይዞ ይግባ። ከታክስ ነፃ የተደረገው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ለሕዝቡም ዕውቀቱን ሊተውለት ይገባል። ለየኮሌጁም አንዳንድ መኪና ለማስተማሪያ ቢሰጥ፣ ያ ክሩ ያለቀ ሞተር በክብር ያርፋል።

እነዚህ የመንግሥትና የነጋዴው ድርሻ ናቸው። የመጨረሻው ግን የእኔና የአንቺ፣ የአንተም ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መኪናችንን ጋራዥ ስንወስድ «ምን ይቀየር?» ከማለታችን በፊት «ምን ሆና ነው?» ብለን እንጠይቅ። መለኪያውን ይዞ አንድ ሰዓት የፈጀውን፣ ምንም ሳይፈታ ሕመሟን የነገረንን ልጅ ለሻይ ብለን አንሸኘው። የዕውቀቱን ዋጋ በሙሉ እንክፈለው፤ ሙያውን የማይለቀው፣ ነገም ረዳቱን የሚያስተምረው ያኔ ነውና።